ስልኩን ለጋኑ ስጪው

የእትዬ ትርፌ ስልክ ሲጠራ፣ ከወዲያ ያለችው ሴት ሰላምታዋን ለመጨረስ አትታደልም። እሳቸው የልጆቹን ደኅንነት፣ የከብቱን ደኅንነት፣ የአዝመራውን ነገር በጥድፊያ ይጠይቁና «በይ አሁን ስልኩን ለጋኑ ስጪው» ይላሉ። ደዋይዋ ከወገዳም ትሁን ከእስቴ፣ ወይም እዚሁ ንፋስ መውጫ ከታችኛው ሰፈር፣ ስልኳን ከጠላው ጋን ሆድ ላይ ለጥፋ ትንፋሿን ውጣ ትቆማለች። እትዬ ትርፌ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚያች ሰዓት የማያውቃቸው ሰው ቢያያቸው ኑዛዜ የሚቀበሉ ይመስለዋል። ጥቂት ቆይተው ፍርዱን ይሰጣሉ፤ ቂጣው አርሯል፣ ወይም ጌሾው ከርሟል፣ ወይም ጋኑ በግራዋ ቅጠል ሳይታሽ ነው ጥንስሱ የገባበት። ደዋይዋ ትክዳለች። እሳቸው ዝም ይላሉ። ከዚያ ደዋይዋ ታምናለች።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጠላ ሲፈላ ይናገራል። ጌሾና ብቅል በውሃ የተበጠበጡበት ጥንስስ፣ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ከንፈሩን እንደሚያላቅቅ፣ አልፎ አልፎ «ጧ» ይላል። ቂጣውና የታመሰው ዱቄት፣ እንኩሮው፣ ገብቶ ድፍድፍ ሲሆን ድምፁ ይወፍራል፤ እሳት ላይ እንደ ቆየ ገንፎ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ይጀምራል። ውሃ ተሞልቶ አፉ በጭቃ ከተመረገ በኋላ ደግሞ በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ካፊያ ይመስላል። ሲደርስ ካፊያው ያባራና ከጣራው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ብቻ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ምርጊቱ ይነሣል፣ ጠላው ይጠለላል። የሚሆመጥጥ ጋን ግን በምርጊቱ ስንጥቅ በኩል ቀጭን ፉጨት ያሰማል። ይህን ያህሉን ማንኛዋም ባለሙያ ሴት ታውቀዋለች። እትዬ ትርፌ ግን አንዱን ካፊያ ከሌላው ካፊያ ይለዩ ነበር።

እኛ ልጆች ሳለን በንባብ መጽሐፋችን ውስጥ ጆሮውን ከመሬት አስጠግቶ ገና ያልታየ ፈረሰኛ የሚሰማ ሰው ሥዕል ነበረ። መምህራችን ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው «አስተውሉ፤ ጆሮ ከዓይን ይቀድማል» ይሉን ነበር። እኛ ግን የምናስተውለው ሰውዬው በዚያ አኳኋን ተኝቶ ልብሱን ማቆሸሹን ነበር። የእትዬ ትርፌን ጓዳ ባላይ ኖሮ፣ ያን ሰው እስከ ዛሬም ሰነፍ ነው ብዬ እንዳለፍሁት በቀረሁ።

ይህን ሙያ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም። የተወለዱት እዚሁ ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም ግድም ነው። የአባታቸው ቤት ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለ ነበረ እንግዳ አይለየውም፤ ዛሬ የድጓ ተማሪ፣ ነገ ለንግሥ የመጣ ዘመድ፣ ከነገ ወዲያ ዘመድ ነኝ ያለ ሁሉ ያድርበታል። መደቡ ለእንግዳ ሲለቀቅ ትንሿ ትርፌ ወደ ጓዳ ትሰደድና ከጋኑ ሥር ትተኛለች። ሌሎች ልጆች በእሹሩሩ ሲያድጉ እሳቸው ያደጉት በድፍድፍ ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ጋኑ ዝም ቢል ጊዜ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው አለቀሱ ይባላል። ቤተሰቡ ሕፃኗ ሕልም አይታለች ብሎ አባበላቸው። ሲጠለል ግን ጠላው ኮምጣጤ ሆኖ ተገኘ።

ባለቤታቸው ጋሽ ካሣሁን ልብስ ሰፊ ናቸው። ከገበያው ጥግ ባለች ክፍል የእግር ስፌት መኪናቸውን ሲያሽከረክሩ ይውላሉ፤ ሰው ካላናገራቸው አይናገሩም፤ ካናገራቸውም በመርፌና በክር መካከል አንዲት ቃል ጣል ያደርጋሉ። እግዜር ግን ሚዛን አያጎድልምና፣ ቀን ያፈኑትን ሁሉ ሌት ይተነፍሱታል። ማንኮራፋታቸው በሰፈሩ የታወቀ ነበር። እትዬ ትርፌም በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ጠዋት ጠዋት የባላቸውን እንቅልፍ በሚያውቁት ሙያ ይነግሯቸው ነበር። «ዛሬ ጥንስስ ሆነህ ነው ያደርኸው፤ አንድ ትልና ትጠፋለህ።» በማግስቱ፣ «ትናንትና ድፍድፍ ነበርህ፤ ማታ ያን ሁሉ ንፍሮ ስትበላ አውቄዋለሁ።» ጉንፋን የያዛቸው ሰሞን ደግሞ፣ «ሆምጥጠሃል ካሣሁን፤ ስታፏጭ ነው ያደርኸው፤ ወይ ላጥንህ ወይ ልድፋህ።» ጋሽ ካሣሁን ይህን ሁሉ እየሰሙ ቁርሳቸውን በልተው ወደ መኪናቸው ይሄዳሉ። መልስ ሰጥተው አያውቁም። የሚሰሙም አይመስልም ነበር።

ስልክ ከመጣ ወዲህ የእትዬ ትርፌ ስም ከጋይንት አልፎ ስማዳና እስቴ ደረሰ። ከደዋዮቹ ሁሉ እስከ ዛሬ የምትነሣው ከወገዳ ወዲያ ያለችው የይበልጣል ሚስት ሜሮን ናት። ሜሮን ዘመናዊ ልሁን ብላ በጋን ፈንታ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ገዛች። አንድ ቀን ደውላ በርሜሉ ዝም እንዳላት በኀዘን ነገረቻቸው። እትዬ ትርፌ እንደ ወጉ ሁሉን ጠየቁ። ብቅሉ ጥሩ ነው፤ ጌሾው የዘንድሮ ነው፤ ውሃውም ከቧንቧ ተቀድቶ፣ መድኃኒቱ እንዲወጣለት ተከፍቶ ያደረ ነው።

«ዕቃውንስ በምን አጠንሽው?» አሉ።

«በጥንጁት ነዋ እትዬ። እንደ ጋኑ፣ ጭሱ ላይ ደፍቼ።»

እትዬ ትርፌ ጠረጠሩ። «አሁን በርሜሉ ቆሞ ነው ያለው ተቀምጦ?»

«ተንበርክኳል።»

«እንግዲህ ምን ብሎ ይናገር ልጄ፤ ከንፈሩን ጠብሰሽበት።»

ይህ ወሬ በሦስቱም ወረዳ ዞረ። ዛሬም በስማዳ አንድ ሰው ጸሎት ላይ ሲንበረከክ «የሜሮን በርሜል» የሚሉት አሉ፤ ይበልጣል ግን ይህን ሲሰማ አይስቅም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወራሁት፣ ያ ጆሮ ምን ያህል የተከበረ እንደ ነበረ እንድታውቁልኝ ነው፤ ምክንያቱም ጆሮው መክዳት ጀመረ።

መጀመሪያ የገባን ነገር አልነበረም። ሰው ደኅና አደሩ ሲላቸው «ሁለት ቁና ይበቃል» ብለው ይመልሳሉ። እኛም የእትዬ ትርፌ ሐሳብ ከጋኑ አይለይም እያልን እናልፋለን። ስልኩን ጆሯቸው እስኪቀላ ድረስ አጣብቀው ይጫኑት ጀመር። በኋላም ብልሃት አበጁ። ደዋይዋን «አንቺው ስሚና ንገሪኝ፤ እኔ ስሞት ማንን ልትጠሪ ነው?» ይሏታል። ሴቶቹ ልባቸው ተነካ፤ እትዬ ትርፌ ሙያቸውን ሊያወርሱን ነው ብለው አንዳንዶቹ አለቀሱ። ለቅሶውንም ቢሆን እሳቸው በደንብ የሰሙት አይመስለኝም።

አስቀድመው የነቁበት ጋሽ ካሣሁን ናቸው። አንድ ጠዋት ስለ ማንኮራፋታቸው ሳይሰደቡ ቁርስ በሉ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በመጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይህን ጥፋታቸውን የነገሩን ራሳቸው ናቸው። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ግን ነገሩ ገባቸው። ሚስታቸው የማይሰድቧቸው ይቅር ብለዋቸው ሳይሆን ስላልሰሟቸው ነው። ቢናገሩ እትዬ ትርፌ እንደሚያፍሩ ዐወቁ። ስለዚህ እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ።

እትዬ ትርፌ የሚፈሩት ደንቆሮ መባልን አልነበረም። በዚህ ከተማ ደንቆሮ ሞልቷል፤ ከነሱም አንዳንዶቹ ሹመት ላይ ናቸው። የሚፈሩት ስልኩ መጥራቱን እንዳያቆም ነው። ጆሯቸው ከሄደ ምድጃ ሥር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ብቻ ሆነው ሊቀሩ ነው። ይህንንም የሚገልጥ ፈተና እየቀረበ ነበር፤ ልጃቸው ሃይማኖት በጥር ልትዳር ነው።

ሙሽራው የእስቴ ልጅ ነው። አባቱ አቶ ጌታነህ ለሽምግልና በመጡ ጊዜ፣ ቀልድ ይወዳሉና፣ በጋይንት ብርድ የሚጠመቅ ጠላ ከመፍላቱ በፊት ጋቢ ይጠይቃል ሲባል ሰምቻለሁ ብለው ነበር። ሰው ሁሉ ሣቀ። እትዬ ትርፌም ቃሉ የደረሳቸው ዘግይቶ ስለ ሆነ ከሁሉ በኋላ ሣቁ፤ ከሣቁም በኋላ ማሉ። የልጃቸውን የሠርግ ጠላ ራሳቸው እንደሚጠነስሱት፣ ከሳቸውም ጆሮ በቀር የማንም ጆሮ ጋኑን እንደማይነካው፣ የእስቴም ሰው ቀምሶ እንደሚፈርድ ተናገሩ።

የአቶ ጌታነህ ቀልድ ክፋቱ እውነት መሆኑ ነበር። ንፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም፤ በጥር ብርድ ጠላ ይተኛል። ስለዚህ እትዬ ትርፌ ሁለቱን ትልልቅ ጋኖች አጥነው፣ ጠንስሰው፣ ደፍድፈው፣ ውሃ ሞልተው ሲመርጉ፣ አንዱን በጭድና በጆንያ፣ ሁለተኛውን በጋሽ ካሣሁን ጋቢ ጠቀለሉት። ጋሽ ካሣሁን ጥርን በኮት አሳለፉት። ለምን ሲባሉ፣ «ታሞ ነው» ይሉና ወደ ጓዳው ያመለክታሉ።

ከተመረገ በኋላ እትዬ ትርፌ ጆሯቸውን በጆንያው ጋን ሆድ ላይ አኖሩ። ምንም የለም። በሌላው ጆሯቸው ሞከሩ። ምንም የለም። ወደ ጋቢው ጋን ሄዱ፤ እሱም ዝም። ጎረቤታቸው የኔነሽ ብቅል ልትመልስ መጥታ ሳለች ጆሯን አስጠግታ፣ ጋኑ ሞቅ አድርጎ እያወራ መሆኑን ነገረቻቸው። እሳቸው ግን አላመኗትም። የኔነሽ በሕይወት ዘመኗ ሳይኮመጥጥ የጠለለ ጠላ ጠምቃ የማታውቅ ሴት ናት፤ በዚያም ላይ ሰው ደስ ይበለው ብላ የምትዋሽ ናት። አንድም ጆሯቸው ሞቷል፣ አንድም ጋኑ ሞቷል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። ጋኑን መረጡ።

ቤተሰቡ ለሠርግ ዕቃ ገበያ በወጣበት ቀን የጆንያውን ጋን ምርጊት አነሡ። ቢያዩትማ አረፋው ይታይ ነበር፤ ጓዳው ግን ጨለማ ነው፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ በጆሮ እንጂ በዓይን ጠላ አይተው አያውቁም። የሞተን ጋን ማስነሻው ብዙ ብቅል ነውና፣ ብቅሉን በለብታ ውሃ በጥብጠው ገለበጡበት። የፍም ማንደጃ አጠገቡ አስቀመጡ። ከዚያ አፉን አየር በማያስተነፍስ ጭቃ፣ ከቀድሞው አጥብቀው መረጉት። ጋቢ የለበሰውን ደግሞ ለነገ አቆዩት።

በነገታው አቶ ጌታነህ የሚዜዎቹንና የሙሽራውን መኪና ነገር ሊነጋገሩ ከእስቴ መጡ። ከጓዳው መጋረጃ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሃይማኖት ምሳ አቀረበች፤ የኔነሽ ልታግዝ መጥታለች፤ ጋሽ ካሣሁንም የስፌት መኪናቸውን ዘግተው በኮታቸው ተቀምጠዋል። ስለ ሚዜዎቹ ተስማምተው ወደ መኪናው ነገር ሲገቡ ከጓዳ አንድ ነገር ጮኸ። የመኪና ጎማ የፈነዳ መስሎን የወጣን ጎረቤቶች ነበርን። እንኳን እኛ፣ እትዬ ትርፌም ሰሙት።

ምርጊቱ ተነሥቶ ጣራውን መትቶ ወርዷል። ጠላው ከነድፍድፉ በመጋረጃው ሥር ሾልኮ፣ አረፋውን እየገፋ፣ ያለ ምንም ጥድፊያ ወደ አቶ ጌታነህ ጫማ መጣ። አቶ ጌታነህ እግራቸውን ወደ አግዳሚው አነሡና ወንዝ እንደሚያይ ሰው ተመለከቱት።

«እኛ አገር» አሉ በመጨረሻ፣ «ጠላ ሲቀዱት ነው የሚመጣው። እዚህ ራሱ ወጥቶ እንግዳ ይቀበላል ማለት ነው?»

ማንም አልሣቀም፤ እትዬ ትርፌ መጋረጃውን ይዘው ቆመው ነበርና። ፊታቸውን ያየ አይሥቅም።

«አልሰማሁትም» አሉ።

ሃይማኖት ፍንዳታውን የሚሉ መስሏት ሁሉም መስማቱን ልትነግራቸው ጀመረች። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሲናገር ነው ልጄ። ደኅና ሲናገር አልሰማሁትም። ከሰኔ ወዲህ የሰማሁት ጋን የለም።»

ያን ጊዜ የኔነሽ ነግሬዎት ነበር ልትል አፏን ከፈተችና ዘጋችው፤ ይህ ለየኔነሽ ትልቅ ጽድቅ ነው። እትዬ ትርፌ አሁን የቀረው አንድ ጋን መሆኑን፣ እሱም ይኑር ይሙት እንደማያውቁ፣ ቢነኩት ይህ እንደሚደርስበት፣ ባይነኩት ደግሞ ለሠርጉ ላይደርስ እንደሚችል አንድ በአንድ ተናገሩ። የኔነሽ ልስማው እንዳትል ማን ያምናታል። አቶ ጌታነህ እንዳይሰሙት እንግዳ ናቸው።

ጋሽ ካሣሁን ተነሡ። አረፋውን ተሻግረው ወደ ጓዳ ገቡ፤ የራሳቸውን ጋቢ ከጋኑ ላይ ገልጠው ጆሯቸውን ለጠፉ። ያ ዝምተኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«ይኼ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንዲሰሟቸው፣ «እኔ ገበያ ስዞር ውዬ ያደርሁበት ሌሊት ነው።»

እትዬ ትርፌ ቀና አሉ። «በልተህ ነው ሳትበላ?»

«በልቼ።»

«በጎንህ ነህ በጀርባህ?»

«በጀርባዬ። እንደ ካፊያ ነህ የምትይኝ።»

«ይቆራረጣል?»

ጋሽ ካሣሁን እንደገና አዳመጡ። «ሞተ ብዬ ልነሣ ስል ትመለሳለህ የምትይኝ አለ አይደል። እሱን ነው።»

እትዬ ትርፌ የመጋረጃውን ጫፍ ለቀቁት። በሰኔና በጥር መካከል ከፊታቸው ጠፍቶ የነበረው ነገር ተመልሶ መጣ። «እንግዲያው ማንም አይንካው» አሉ። «ማባራት ጀምሯል። ለሠርጉ ይደርሳል።»

አቶ ጌታነህ እግራቸውን አግዳሚው ላይ እንዳደረጉ አንዴ ባልየውን፣ አንዴ ሚስትየውን ያዩ ነበር። የኔነሽ ግን ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻለችም፤ «ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲሉ እሰማ ነበር፤ በማንኮራፋት ሲደገፍ ያየሁት ዛሬ ነው» ብላ መሬቱን ልትጠርግ ጎንበስ አለች። ያኔ ሁሉም ሣቀ፤ እትዬ ትርፌም በዚህ ጊዜ ከሰው እኩል ሣቁ።

ጠላው ለሠርጉ ደረሰ። ያን የመሰለ ጥሉል ጠላ ከዚያ በፊት ጠጥቼ አላውቅም። ከፈነዳው ጋን የተረፈው ደግሞ በዚያ ሁሉ ብቅል ኃይለኛ ሆኖ ስለ ነበር ለአዝማሪዎቹ ተሰጠ፤ አዝማሪዎቹም የሙሽራዋን ስም ረስተው የጎረቤቷን ስም እያነሡ ሲዘፍኑ አመሹ። የኔነሽ እስከ ዛሬ አልተቀየመችም። አቶ ጌታነህ ከጥሉሉ ደጋግመው ከጠጡ በኋላ ዋንጫቸውን ዘርግተው፣ «አሁን ደግሞ ከዚያ በእግሩ ከሚመጣው አምጡልኝ» አሉ።

ስልኩ መጥራቱን አላቆመም። አሁን ግን ሲጠራ፣ እትዬ ትርፌም ስልኩም ከጓዳ ወደ ገበያው ጥግ ይሄዳሉ። ጋሽ ካሣሁን መኪናቸውን ያቆሙና ያዳምጣሉ፤ ያገኙትንም ለሚስታቸው በጆሯቸው ሥር ይናገራሉ፤ «ንፍሮ የበላሁ ማታ»፣ «የእናትሽ ተዝካር ሰሞን»፣ «ጉንፋን ይዞኝ የነበረ ጊዜ»። እትዬ ትርፌም ተርጉመው ፍርዱን ይሰጣሉ። በቅርቡ የአቶ ጌታነህ ባለቤት ከእስቴ ደውለው ጋናቸውን ቢያሰሙ፣ ጋሽ ካሣሁን ፊታቸውን አጨፍግገው፣ ይኼ የኔ አይደለም፣ የወንድሜ ነው አሉ። እትዬ ትርፌ ባላቸው የወንድማቸውን እንቅልፍ ከየት እንደሚያውቁት ጠይቀው ነገሩ ወደ ሌላ ወሬ ሄደ፤ የእስቴው ጋንም በዚያው ሆመጠጠ ይባላል።

አንድ ነገር ብቻ አልተቃናም። እትዬ ትርፌ የባላቸውን ማንኮራፋት ዛሬም አይሰሙም፤ ለዚያ ሁሉ ዘመን ሲራገሙት ኖረው አሁን ይናፍቃቸዋል። ስለዚህ ጠዋት ቁርስ ሲያቀርቡ ይጠይቋቸዋል።

«ዛሬስ ምን ሆነህ አደርህ?»

ጋሽ ካሣሁን ራሳቸውን ሰምተው አያውቁም። ግን በሙያው ገፍተውበታልና ያለ ማመንታት ይመልሳሉ።

«ጠልዬ አደርሁ።»

እትዬ ትርፌ አያምኗቸውም። ግን ይግባኝ የሚሉበት ጆሮ የለምና፣ ቂጣውን ይቆርሱና ወደ እሳቸው ይገፋሉ።